ለመዝሙራችን የትኛውን ሊሚተር እንምረጥ?



ርዕሱን አይታችሁ «እረኛ በዚህ ጉዳይ ምን አገባው?» ብትሉ አንፈርድባችሁም። እኛም እስከ አምና ድረስ ሊሚተር ሲባል የምናውቀው አውቶቡስና የጭነት መኪና ላይ የሚገጠመውን የፍጥነት መገደቢያ ነበር። ከሚኤሶ ቆላ ተነስቶ ወደ ጭሮ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያ ዕቃ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም። የመዝሙር ሊሚተር የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅነው ግን በጭቅጭቅ ነው፤ ጭቅጭቁም በገዛ ኳየራችን ውስጥ የተነሳ ነበር።

ሃያ ሁለት መዘምራን ያሉት ኳየራችን ስምንት መዝሙሮችን ቀረጸ፤ አምስቱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሦስቱ በአማርኛ። ቀረጻው የተካሄደው በቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና የእንቁላል ካርቶን ሰቀልን። (የእንቁላል ካርቶን የውጭ ድምፅ እንደማያስቆም የገባን በኋላ ነው፤ ብርድ ልብሱ ይሻላል።) መብራት ሲጠፋ እንጸልያለን፣ ሲመጣ እንቀዳለን። ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚያልፍ አይሱዙ ጡሩምባ ሲነፋ ደግሞ እንደገና እንጀምራለን። በአንዱ መዝሙር መጨረሻ ላይ ጡሩምባው እስከ ዛሬ አለ፤ ስድስተኛ ጊዜ ለመድገም አቅም ያለው ሰው አልተገኘም። ቅጂውን በፍላሽ አድርገን ሌላ ከተማ ወደሚገኝ ስቱዲዮ ላክነው፤ ሚክስ ተደርጎ፣ ማስተሪንግ የሚሉት የመጨረሻው ሥራ ተሠርቶለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ስፒከር ከፈትነው። እውነቱን እንናገር፤ እኛም እልል ካሉት መካከል ነበርን። ጉልበት ነበረው፣ ደረት ይመታ ነበር። «የአዲስ አበባ መዝሙር ይመስላል!» ተባለ፤ እንደ ጭሮ ላለ ከተማ ኳየር ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም።

ማክሰኞ ዕለት የታመመች እናት ልንጠይቅ በአንድ ወንድማችን ባጃጅ ተሳፈርን። ፍላሹን ሰካው። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ስንደርስ «ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ቀንሰው» አልን። ቀነሰው። ጆሯችን ግን አላረፈም። ድምፁ ትንሽ ሆኖም ይጮህ ነበር፤ ይህን እንዴት እንደምንገልጸው አናውቅም፣ ቀስ ብሎ የሚቆጣ ሰው አጠገብ እንደ መቀመጥ ነው። ከታማሚዋ ቤት ደረስን። እኚህ እናት ኳየሩን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ልጃቸው መዝሙሩን በስልኳ አሰማቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን መዝሙር አዳመጡና፣ «ደስ ይላል። ግን እነዚህ ልጆች መቼ ነው የሚተነፍሱት?» አሉን።

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ኪቦርዲስታችን ሄድን። ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ እኛ የላክነውን ቅጂና የተመለሰውን ጎን ለጎን በሥዕል አሳየን። የላክነው የእኛኑ የጨርጨር ተራሮች ይመስላል፤ ጫፍ አለው፣ ሸለቆ አለው፣ አንዳንድ ቦታ ሜዳ አለው። የተመለሰው ከላይም ከታችም ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የብሎኬት ግንብ ነው። «ይህን ያደረገው ሊሚተሩ ነው፣ ፓስተር» አለን።

እንደገባን መጠን እናስረዳ፤ ባለሙያዎች ስህተታችንን ታርሙናላችሁ። ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው። ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ይባላል፤ ከዚያ በላይ ቁጥር ስለሌለ የሚያልፈው ሁሉ ይቆረጣል፣ ጆሮም መሰንጠቅ አድርጎ ይሰማዋል። ሊሚተር ከጣሪያው ሥር የቆመ ዘበኛ ነው። ድምፁን ለጥቂት ሚሊሰከንድ አዘግይቶ ስለሚያሳልፍ የሚመጣውን ጫፍ ቀድሞ ያየዋል፤ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ያደርገዋል፤ ካለፈ በኋላ ይለቀዋል። የሚለቅበት ፍጥነት ሪሊዝ ይባላል፤ የአንዱ ሊሚተር ከሌላው መሻል በአብዛኛው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቶሎ ከለቀቀ ቤዙ ይሻክራል። ዘግይቶ ከለቀቀ ደግሞ ከበሮ በተመታ ቁጥር ኳየሩ በሙሉ ሰምጦ ይወጣል፤ ሃያ ሁለት ሰው በአንድ ከበሮ እጅ ሲሰግድ አስቡት።

ጫፎቹን ዝቅ ካደረጋችሁ ከጣሪያው በታች ባዶ ቦታ ይገኛል። ያን ጊዜ ሙሉውን መዝሙር ከሥር ወደ ላይ መግፋት ትችላላችሁ። የፈተናው በር ይህ ነው። በገፋችሁ ቁጥር ዝቅ ያለው ሁሉ ከፍ ይላል፤ የኪቦርዱ ጀርባ፣ የክፍሉ ጉምጉምታ፣ የአይሱዙው ጡሩምባ። ከፍ ያለው ግን ከፍ ሊል አይችልም፤ ጣሪያ አለበት። ስለዚህ በጸጥታ የተዘመረው «አባት ሆይ» እና በእልልታ የተዘመረው «ሃሌ ሉያ» አንድ ዓይነት ቁመት ይይዛሉ። የእኛ መዝሙር የበለጠ የሚጎዳበት ምክንያትም አለው። ጭብጨባ እጅግ ሹል የሆነ ድምፅ ነው፤ ሊሚተሩ ሲበዛበት ጫፉን ያጣና እርጥብ ጨርቅ እንደ መውቃት ይሆናል። እልልታ በበኩሉ ጆሮ አጥብቆ በሚሰማው ቀጭን ድምፅ ላይ ያርፋል፤ ሲጨፈለቅ መርፌ ይሆናል። ከእኛ ርቆ ያለ የሊሚተር ሠሪ ስለ እልልታ አስቦ እንደማይሠራ መገመት አያዳግትም፤ ስለዚህ የእኛን ድምፅ ይዘን መፈተን የእኛ ፋንታ ነው።

ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥7-9 ስለ ዋሽንትና ስለ ክራር ሲያነሳ፣ ድምፃቸው ልዩነት ከሌለው የሚጫወቱት ነገር አይታወቅም ይላል። ጳውሎስ የሚናገረው ስለ ልሳን ነው፤ ስለ ማስተሪንግ እንዳልሆነ ሰባኪ ሆነን አንስትም። ምሳሌው ግን ቃል በቃል እኛ ላይ ደርሷል። ልዩነት የሌለው ድምፅ ቃሉን ይውጠዋል። በአፋን ኦሮሞ የሚዘምሩት እህቶቻችን የቃሉን ጥብቀትና መላላት ተጠንቅቀው አጥንተው ነበር፤ አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም የሚለወጥበት ቋንቋ ነው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ በተመለሰው ቅጂ ውስጥ ከኪቦርዱ ጀርባ ቆሞ ነበር።

ነገሩን ስናጠና ያስገረመን ግን የሊሚተር አመጣጥ ነው። ሊሚተር የተሠራው ለማስጮህ አልነበረም። በ1930ዎቹ የሬዲዮ ጣቢያዎች ማሰራጫ ላይ ተገጠመ። አንድ ጣቢያ ከተፈቀደለት በላይ ከጮኸ ድምፁ ይበላሻል፤ ከዚያም በላይ ሞገዱ ከመስመሩ ይፈስና የጎረቤቱን ጣቢያ ይረብሻል። ሊሚተር ይህን የሚከለክል አጥር ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወንጌልን በብዙ ቋንቋ ያሰራጭ የነበረው፣ በ1969 ዓ.ም. ደርግ የወረሰው ብስራተ ወንጌል ሬዲዮ በአባቶቻችን ዘንድ እንዴት እንደሚታወስ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እንደዚያ ያለ ጣቢያ በአጭር ሞገድ ድንበር ተሻግሮ የሚሰማው ያለ ልክ በመጮህ አይደለም፤ የተሰጠውን ሞገድ ጠብቆ በመናገር ነው።

ያ አጥር በኮምፒውተር ዘመን መግፊያ ዱላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዌቭስ የተባለው ድርጅት ኤል 1 የተሰኘውን ሊሚተር ካወጣ በኋላ ማንም ሰው በአንድ መጎተቻ መዝሙሩን ማስጮህ ቻለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። አንዱ ሲጮህ ሌላው ዝቅ ያለ መሰለውና እሱም ጮኸ። የዓለም ዘፋኞችን እዚህ መጥቀስ ልማዳችን ባይሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሜታሊካ አልበም ድምፁ እጅግ ከመጨፍለቁ የተነሳ ከ10 ሺህ በላይ አድማጮች እንደገና ማስተር እንዲደረግላቸው ፈርመው ጠይቀዋል። በጩኸት የሚታወቁ ሰዎች አድማጮች «በዛብን» ካሉ፣ የእኛ ታማሚ እናት «መቼ ነው የሚተነፍሱት» ማለታቸው አያስደንቅም።

ጭሮ ውስጥ ደግሞ ጩኸት ሌላም መልክ አለው። ከተማችን የብዙ እምነት ከተማ ናት፤ ከእኛ የሚበዙት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም አሉ። በሂርናም፣ በበዴሳም፣ በገለምሶም እንዲሁ ነው። ሁላችንም ስፒከር አለን። የሁላችንም ስፒከር ወደ ውጭ ዞሯል። ምሳሌ 27፥14 ገና በማለዳ ወዳጁን በታላቅ ድምፅ ስለሚባርክ ሰው ምን እንደሚል ከፍታችሁ አንብቡ፤ ቡራኬው ከምን እንደሚቆጠር ስታዩ ፈገግ ትላላችሁ፣ ከዚያም ትተክዛላችሁ። እኛ እንዲህ ብለን ማንበብ የጀመርነው የጎረቤታችን ሕፃን በእኛ የሌሊት ጸሎት ፕሮግራም ምክንያት መተኛት አቅቶት አባቱ በትሕትና መጥቶ ካነጋገረን በኋላ ነው። ሰውየው «ጸሎታችሁን አቁሙ» አላለም። «ስፒከሩን ወደ ውስጥ አዙሩልን» ነበር ያለው።

አንድ ወንድም መዝሙር 150ን ጠቅሶ «ጸናጽሉስ?» ሊለን ይችላል። ልክ ነው፤ ከፍ ባለ ድምፅ ማመስገን መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ዕብራይስጥ ስንማር መዝሙር 33፥3 ላይ አስተማሪያችን ያቆሙን ነበር፤ እዚያ እልልታውና ማሳመሩ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተጋብተዋል። ክናንያም የሌዋውያን የዜማ አለቃ የሆነው ስለሚያውቅበት ነው ተብሎ ተጽፏል (1 ዜና 15፥22)፤ ስለ ጉልበቱ የተባለ ነገር የለም። እልልታ እልልታ የሚሆነው ከእሱ በፊት ዝምታ ሲኖር ነው። ስምንቱንም መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እልል ካልን እልልታ አልቀረንም ማለት ነው።

ይህን ለኳየሩ ስንናገር ቴነሩ እጁን አነሳ። «ፓስተር፣ በባጃጅ ፍላሽ ላይ የእኛ መዝሙር ከሌላው ቀጥሎ ሲመጣ ዝቅ ካለ ሰው ያልፈዋል።» ይህን ክርክር አናጣጥለውም። በዩቲዩብ የሆነ እንደሆነ መልሱ ቀላል ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 የድምፅን ጩኸት ሰው እንደሚሰማው የሚመዝን ዘዴ አወጣ፤ መስፈሪያው ሉፍስ ይባላል። ዩቲዩብ ከ-14 ሉፍስ ገደማ በላይ የጮኸውን ሁሉ ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ከስቱዲዮ የተመለሰልን ቅጂ -6 ነበር፤ ስለዚህ ዩቲዩብ 8 ዴሲቤል ይቀንሰዋል። በ-12 የተሠራውን የሚቀንሰው 2 ብቻ ነው። ሁለቱም እኩል ጮኸው ይሰማሉ፤ ልዩነቱ አንዱ ተጨፍልቆ፣ ሌላው ተንፍሶ መድረሱ ነው። የተጨፈለቀው ትንፋሹን ከፍሎ የገዛው ነገር የለም። ፍላሽ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሚዛን ጠባቂ የለም። በቴሌግራም የሚላከውም እንዳለ ይደርሳል። እዚያ ቴነራችን እውነት አለው፤ በ-14 የተሠራ መዝሙር በባጃጅ ውስጥ ከሌሎቹ ቀጥሎ ሲመጣ ዓይን አፋር ይመስላል። ስለዚህ መካከለኛ ቦታ መፈለግ ነበረብን። ባጃጁ ላይ ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ እንዳለ ለቴነሩ አስታውሰነዋል፤ የተጨፈለቀ መዝሙርን መልሶ የሚያሰፋ ቁልፍ ግን የትም አይገኝም።

ምርጫው የከበደን በድምፅ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከሳምንት በኋላ ኪቦርዲስታችን ፊቱ በርቶ መጣ። «ፓስተር፣ ፋብፊልተር ፕሮ-ኤል 2 አገኘሁ! ስምንት ዓይነት አሠራር አለው፣ ጫፉን ሁሉ በሥዕል ያሳያል፣ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የሚጠቀሙበት ነው።»

«ስንት ነው?»

«ዋጋውማ ከ150 ዶላር በላይ ነው።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

ዝቅ ብሎ «ክራክ ነው» አለ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፎ ሄዷል። ለዚህ ልጅ 150 ዶላር ስንት ወር እንደሆነ እናውቃለን። ጭሮ ተቀምጦ በውጭ ምንዛሪ በካርድ መክፈልም ራሱን የቻለ ተራራ ነው። ቢሆንም ልባችን እምቢ አለ። ዳዊት የኦርናን አውድማ በነጻ ሲሰጡት ያለውን አስታወስን (2 ሳሙ. 24፥24)፤ ለእግዚአብሔር ምንም ያላስከፈለውን መሥዋዕት ማቅረብ አልወደደም። ኦርና እንኳ በፈቃዱ ሲሰጥ ነው ዳዊት እምቢ ያለው። እኛ ባለቤቱ ያልሰጠንን ወስደን፣ በእርሱ መዝሙር አሳምረን «ለክብርህ» ልንል ነው?

ይህን ስንለው ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ፓስተር፣ እንዳይከፋዎት እንጂ፣ የቀረጽንበት ኩቤዝስ?» አለን። ቀጠለና «ዊንዶውሱስ?» አለ።

መልስ አልነበረንም። የእኛን ላፕቶፕ አልጠየቀንም፤ ጨዋ ልጅ ነው። ቢጠይቀን ኖሮ ከኮሌጅ ጓደኞቻችን በፍላሽ የተቀበልናቸውን የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያዎች ማሳየት ነበረብን። ለስብከት የተዘጋጀንባቸው፣ አንድም ብር ያልከፈልንባቸው መጻሕፍት ናቸው። በዚያ ቀን ስለ ሊሚተር መስበክ አቁመን አብረን ጸለይን፤ ጸሎቱም አጭር ነበር።

ወገኖቻችን፣ ብዙ ኳየሮች እዚህ ቦታ ላይ እንዳላችሁ እንገምታለን። «ድሆች ነን፣ ሠሪዎቹ ሀብታም ናቸው» የሚለውን እናውቀዋለን፤ እኛም ብለነዋል። ነገር ግን ሊሚተርን በተመለከተ ይህ ሰበብ ጭራሽ አይሠራም፤ በነጻ የተሰጡ ሊሚተሮች አሉና። ሠሪያቸው ራሱ «ውሰዱት» ብሎ ያወጣቸው ናቸው። ላውድማክስ የሚባለው ሁለት መጎተቻዎች ብቻ ያሉት ያህል ነው፤ አንዱ ምን ያህል እንደምትገፉ፣ ሌላው ጣሪያው የት እንደሚሆን። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አናውቅም፤ የሚያሳስት ነገር የለበትም። ሊሚተር ነምበር 6 የሚባለው ደግሞ በውስጡ አምስት ክፍሎች ያሉት ነው፤ አንደኛው ቀጭን ድምፆችን ለብቻ የሚገታ ስለሆነ ለእልልታ ይጠቅማል፣ ግን ቁልፉ ብዙ ነውና ባልለመደ እጅ ምግብ ላይ በርበሬ እንደ መድፋት ነው። ብዙዎቻችሁ ከቀረጻ ፕሮግራማችሁ ጋር አብሮ የመጣ ሊሚተርም አላችሁ፤ ኩቤዝ አለው፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ አለው፣ ሪፐር አለው። ፕሮግራሙን በአግባቡ ከገዛችሁ ሊሚተሩም የእናንተ ነው።

የኩቤዙን ጥያቄ እንዲህ ፈታነው። ሪፐር የተባለው ፕሮግራም 60 ቀን በነጻ ያስሞክራል፤ ከዚያ ለግለሰብና ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት በ60 ዶላር ይሸጣል። ኳየሩ ገንዘቡን በሁለት ወር አዋጣ። ውጭ አገር ያለ አንድ ወንድማችን በካርዱ ከፈለልንና እኛ ገንዘቡን እዚህ ላለች እናቱ ሰጠን። ኪቦርዲስታችን አዲሱን ፕሮግራም ለመልመድ አንድ ወር አኩርፏል። የዊንዶውሱ ጉዳይ ገና የሽማግሌዎች አጀንዳ ላይ ነው።

ምርጫውን ያደረግነው በጆሮ ነው፤ ግን ጆሮ እንዴት እንደሚያታልል መጀመሪያ መማር ነበረብን። ሁለት ቅጂ ሲሰማ ሰው የጮኸውን ይመርጣል፤ በትንሹም ቢሆን ከጮኸ «ይሄኛው ጥራት አለው» ይላል። እሑድ ዕለት እልል ያስባለን ይኸው ነበር። ስለዚህ ስቱዲዮው የሠራልንን፣ በላውድማክስ የሠራነውን፣ በሪፐሩ ሊሚተርና በሊሚተር ነምበር 6 የሠራነውን አራቱንም በሉፍስ መለኪያ እኩል አደረግናቸው። ለዚህም ዩሊን የተባለ ነጻ መለኪያ አለ። ምሳሌ 11፥1 ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የሚለውን ጫትና ቡና ለሚመዝን ጨርጨር ሰው ማብራራት አያስፈልግም፤ አንዱን ቅጂ አስጩሆ ሁለቱን ማወዳደር ያው የሚዛን ማጭበርበር ነው።

ከዚያ ስማቸውን ደብቀን ቁጥር ብቻ ሰጠናቸው። ዳኞቹ ኪቦርዲስቱ፣ ቴነሩ፣ ባለ ባጃጁ፣ አንድ የሰንበት ትምህርት መምህርት፣ እኛና ከሕመማቸው የተነሱት እናታችን ነበርን። ሦስት ቦታ ሰማን፤ በስልክ ስፒከር፣ በባጃጁ ውስጥ ሞተሩ እየሠራ፣ በቤተ ክርስቲያን። የምንጠብቃቸው ነገሮች ጥቂት ነበሩ። ቃሉ ይሰማል? ጭብጨባው እጅ ይመስላል? ከበሮው ሲመታ መዘምራኑ ይሰምጣሉ? ስምንቱንም ሰምተን ስንጨርስ ጆሯችን ደክሟል?

የስቱዲዮውን ቅጂ አንድም ሰው አንደኛ አላደረገውም፤ እኩል ሲመዘን ከሁሉ የደከመው እሱ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹን ሦስቱን ለመለየት ግን በጣም ተቸገርን። ይህ ራሱ አንድ ትምህርት ነው፤ ሊሚተሩ በጥቂቱ ሲሠራ፣ ከ2 ወይም ከ3 ዴሲቤል በላይ ሳይገፋ፣ የትኛውም ይሁን ብዙ ልዩነት የለውም። የ150 ዶላሩ ሊሚተር ብልጫው የሚታየው አብዝተው ሲገፉ ነው። እኛ አብዝተን ካልገፋን ብልጫውን አንፈልገውም ማለት ነው። በስተመጨረሻ ሰባቱን መዝሙር በላውድማክስ፣ እልልታ የሚበዛበትን አንዱን በሊሚተር ነምበር 6 ሠራን። ጣሪያውን -1 ዴሲቤል ላይ አደረግነው፤ መዝሙሩ ወደ ኤምፒ3 ሲጠቀለል ጫፎቹ ትንሽ ስለሚያብጡ ቦታ ሊተውላቸው ይገባል። የጩኸቱ መጠን እንደ መዝሙሩ በ-11 እና በ-13 ሉፍስ መካከል ሆነ። በጸጥታ የሚዘመረውን ወደ ላይ አልጎተትነውም፤ ዝቅ ብሎ የተጸለየ ጸሎት ስለሆነ ዝቅ ብሎ ቀርቷል።

ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት የታሰረበት ዘመን መዝሙሮች እንዴት እንደደረሱን አስታወስን። ካሴት ከካሴት እየተገለበጠ፣ ሽሽታው ከዜማው እኩል እየሆነ ነበር የሚደርሰን። ማንም ሰው «ድምፁ አነሰ» ብሎ ካሴቱን ሲመልስ አላየንም፤ ጆሯችንን ወደ ቴፑ እናስጠጋ ነበር። የዛሬ ልጆች እንዲህ ያድርጉ አንልም። ቴነራችን አሁንም «በገለምሶ ኳየር አጠገብ ስንሰማ እናንሳለን» ይላል፤ ምናልባትም እናንሳለን።

አዲሱን ቅጂ ለእናታችን በልጃቸው ስልክ ወሰድንላቸው። ሦስተኛው መዝሙር ላይ፣ ሁለተኛው አዝማች ከመጀመሩ በፊት፣ ሃያ ሁለቱ መዘምራን አብረው አየር የሚስቡበት ቦታ አለ። እሱ ሲደርስ እጃቸውን ከፍ አድርገው «አሁን ተነፈሱ» አሉ። የአይሱዙው ጡሩምባም በመዝሙሩ መጨረሻ ላይ አለ፤ በፊት ከመዘምራኑ እኩል ይነፋ ነበር፣ አሁን ወደ መንገዱ ተመልሷል።

ከማብራሪያዎቹ መጻሕፍት እስካሁን ሁለቱን ገዝተናል። አምስት ይቀሩናል።